ሜዳሊያ የማይጠብቅ ሯጭ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ የሚሮጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሩጫው የእንጀራ ጉዳይ የሆነበት ወጣት ነው፤ ክለብ ለመግባት፣ ከክለብም አልፎ አገሩን ወክሎ ለመሮጥ ያስባል። ሁለተኛው 2፡30 ላይ ቢሮ የሚገባ፣ ሱቁን የሚከፍት ወይም ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ጎልማሳ ነው። ጣሊያኖች ከሠሩት ፖስታ ቤት አጠገብ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቅና አንድ ቀን ቁልቁል ወደ አዘዞ ይወርዳል፤ ሌላ ቀን በደባርቅ መንገድ ወደ ወለቃ ይወጣል። ማንም አይከፍለውም፤ ሰዓት የሚይዝለት አሠልጣኝም የለውም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ማታ ቤቱ ሲገባ ክዳኑ የተፈታ አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቀው አለ። ብሎኖቹን በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ ደርድሮ ካቆመበት ይቀጥላል።

የሚያውቁት ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ «ምን ታገኝበታለህ?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሩጫ የዋዛ ነገር ሆኖ አያውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ሩጫ የአገር ስም ማስጠሪያ ሆነ። ከእሱ በኋላ የመጡት ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉና ኃይሌ ገብረሥላሴ ክብሩን አጸኑት፤ በኋላ ላይ ሩጫ ቤተሰብን ከድህነት የሚያወጣ ሥራም ሆነ። እንዲህ ባለ አገር፣ ማንንም እንደማይቀድም የሚያውቅ ሰው ሌሊት እየተነሳ ሲሮጥ ማየት ግራ ቢያጋባ አይገርምም። ስለ ኮምፒውተሩም ነገሩ ያው ነው። ጥገና ቤት ከፍቶ ገንዘብ ቢሠራበት ይገባቸዋል፤ የራሱን አሮጌ ማሽን ለራሱ ሲፈታና ሲገጥም ማምሸቱ ግን አይዋጥላቸውም።

ኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ይህን አስተሳሰብ በመጠኑም ቢሆን ነቅንቆታል። በመጀመሪያው ዓመት 10,000 ሰው ተመዘገበ፤ አሸናፊው የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነበር። ለድል የሚሮጠውና ለራሱ የሚሮጠው በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ጎዳና፣ አንድ ዓይነት 10 ኪሎ ሜትር ሮጡ። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ አብዛኛው ስንተኛ እንደወጣ እንኳ አይጠይቅም።

ይሁንና «ለጤና ነው» ወይም «ለመዝናናት ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ነገሩን አሳንሶ ያየዋል። ለጤና ቢሆን ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ይበቃ ነበር። ለመዝናናት ቢሆን ደግሞ ሰው የሞተ ሃርድ ዲስክ ላይ አቀርቅሮ እኩለ ሌሊት አያሳልፍም። ክፍያና ሽልማት በሠሪውና በሥራው መካከል የሚቆሙ አማላጆች ናቸው። ነውር የለባቸውም፤ ባለሙያ የሚኖረው በእነሱ ነው፤ ለብዙ ሰው ፍቅሩንም የሚጠብቁለት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ባለሙያው የትኛውን ዳገት መተው፣ የትኛውን ብልሽት አለመንካት እንደሚያዋጣ ማስላት አለበት። ሜዳሊያም ደሞዝም የማይጠብቀው ሰው ከዚህ ስሌት ነፃ ስለሆነ ነገሩን ያለ አማላጅ ያገኘዋል። አየርን እንደ አየር፣ ሙቀትን እንደ ሙቀት፣ ስሕተትን እንደ ስሕተት የማወቅ ጊዜ አለው።

አየርን እንውሰድ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክሲጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚገኘው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ተወልዶ ያደገበት ሰው ይህን በቃል ካልተነገረው አያውቀውም፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመለሰው ሯጭ ግን ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። ሲወርድ እግሩ ይቀልለዋል፤ የቁልቁለቱን ፍጥነት የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሲመለስ ዳገቱ ብድሩን ያስከፍለዋል። ቀስ በቀስ ሰዓቱን ማየት ትቶ ትንፋሹን ማዳመጥ ይለምዳል፤ ከጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃል በቃል መቆራረጥ ከጀመረ ግን የማይቆይበትን ፍጥነት ይዟል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ደረት ውስጥ ሲታወቅ ግን ሌላ እውቀት ነው።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ከደባርቅ ባሻገር፣ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ለከፍታው የሚመልሱት በደማቸው ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው የሚይዘው ኦክሲጅን እያነሰም ይኖራሉ። የአምባራሶቹ ከሁለቱም ተለዩ። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ሳለ፣ የደማቸው የኦክሲጅን ሙሌት 95 በመቶ ያህል ነበር። የአምባራስ ገበሬ ይህን ጸጋ በልምምድ አላገኘውም፤ ዳገቱንም የሚወጣው ገብሱን ለማድረስና ከብቱን ለመጠበቅ ነው። ለፍቅሩ የሚሮጠው የከተማ ሰው ከዚያ ተራራ ሰው የተሻለ ሳንባ የለውም። የሚጨምረው ትኩረት ነው፤ ሌላው ሳያስተውለው የሚኖርበትን አየር ጉዳዬ ብሎ ይከታተለዋል።

ይኸው የሳሳ አየር ማታ ጠረጴዛው ላይም ያገኘዋል። የአሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲከፈት እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህንና በላዩ የተዘረጋ ቀጭን ክንድ ይታያል። ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። በክንዱ ጫፍ ያለው አንባቢ ሳህኑን አይነካውም፤ ሳህኑ ራሱ እየዞረ በሚፈጥረው የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዘመናዊ ዲስኮች የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ እንኳ አይሞላም። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ዝቅ ይላል፤ አንባቢው ሳህኑን የመጫር አደጋ ይመጣል። ለዚህም ነው አምራቾች ብዙውን ጊዜ ለተራ ሃርድ ዲስክ 3,000 ሜትር ገደማ የአሠራር ወሰን የሚያስቀምጡለት። ጎንደር ከወሰኑ በታች ናት፤ ደባርቅ ተጠግታዋለች፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃበር አልፎታል። የማቀዝቀዣው ፋንም እንዲሁ ነው፤ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ እዚህ አቧራ የዘጋው ፋን ቆላ ላይ ካለው ቀድሞ ይጨነቃል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ የአየር ትራሱ መሳሳት አያስጨንቀውም፤ የሚንሳፈፍ አንባቢ የለውምና።

ጠዋት ሳንባው ያስተማረውን ማታ ዲስኩ ይደግምለታል። ሁለቱን ልማዶች አንድ የሚያደርጋቸው ይህ ነው፤ ሁለቱም አንድ ነገር በራሱ ወሰን ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በቅርብ ያሳያሉ።

ፒያሳ ዙሪያ ባሉት የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች የሚሠሩት ወጣቶች ከእሱ ይልቅ የሠለጠነ እጅ አላቸው። ማዘርቦርድ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ሲያዩ በደቂቃዎች ውስጥ ነቅለው ሌላ ይበይዳሉ፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃልና። እሱ ግን ያበጠውን ካፓሲተር ከለወጠ በኋላም አይተኛም። ለምን አበጠ? መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው? ስታቢላይዘሩ ነው? ወይስ ሙቀት የበዛበት ከፋኑ ርቆ ስለተቀመጠ ነው? ጠጋኙ ይህን መጠየቅ ተስኖት አይደለም፤ ጥያቄው ዋጋ አይከፈልበትም። እዚያም ቢሆን ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አምሽቶ ለራሱ የሚሞክር ወጣት አይጠፋም፤ ያን ሰዓት እሱም ለፍቅራቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አባል ነው።

ሁለቱን ፍቅሮች በአንድ ሰው ውስጥ ማየት ለሚፈልግ ከአለን ቱሪንግ የተሻለ ምሳሌ የለም። የኮምፒውተርን ሐሳብ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የዋልተን አትሌቲክስ ክለብ አባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በአገሩ የአማተር አትሌቶች ሻምፒዮና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ጨርሶ አምስተኛ ወጣ። በዓመቱ ለንደን ኦሊምፒክ አርጀንቲናዊው ዴልፎ ካብሬራ ያሸነፈበት ሰዓት ከዚህ የሚፈጥነው በ11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ያው ቱሪንግ ከጓደኛው ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈ፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬድ ኮምፒውተር ግን አልነበረም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 ራሱ ኮምፒውተሩን ሆነ። ሕጎቹን በወረቀት ላይ አንድ በአንድ እየተከተለ፣ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል እያሰላ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ተጫወተ። ተሸነፈም። ማሽን የሌለውን ፕሮግራም በእጅ ለማስኬድ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ማራቶን የሚጠይቀው ትዕግሥት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ያለውን ረጅም መካከል መውደድን ይፈልጋሉ።

ለጎንደር ሰው ደግሞ እንዲህ ላለው ሥራ የሚሆን ዝግጁ ርእስ አለ፤ ባሕረ ሐሳብ። አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ የሚያሰላው ይህ ጥንታዊ ትምህርት እያንዳንዱ እርምጃ ቀጣዩን የሚወልድበት ሥርዓት ስለሆነ፣ ፕሮግራም መጻፍ ለሚለማመድ ሰው እንደ እሱ ያለ መልመጃ ማግኘት ይከብዳል። 2018 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (30ው እየወጣ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12፤ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለቀኑ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመር መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል ማለት ነው። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲደመርበት 34፤ በ30 ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.።

ይህን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለመጻፍ አንድ ምሽት ይበቃል። ችግሩ በኋላ ይመጣል። የ2024 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7524 ሲሆን በ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ መደቡ ዜሮ ይሆናል። ከዜሮ አንድ የቀነሰ ፕሮግራም ወንበሩን ከዜሮ በታች ያወርደዋል፤ ፓይተንም ሳያጉረመርም መጥቅዕ 11 ብሎ ያወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላት አለባቸው የሚለውን የሊቃውንቱን መፈተሻ እንኳ ስሕተቱ ያልፈዋል፤ 19 እና 11 ድምራቸው 30 ነውና። ትክክለኛው ወንበር 18፣ መጥቅዑም 12 ነው። ኮምፒውተሩ የማይናገረውን ይህን ጉድለት የሚያስተካክለው ከመሪጌታ ዘንድ ሄዶ የጠየቀ፣ ወይም በጣቱ ቆጥሮ ያመሳከረ ሰው ነው። ማንም ያላዘዘውን ፕሮግራም ከስድስት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ዘመን የሚያርም ሰው ምን እንደሚያገኝበት ቢጠየቅ የሚያሳየው ነገር ያ የተስተካከለ ቁጥር ነው።

እንዲህ ያለ ፍቅር አንዳንዴ የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የገባው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላዘዘ ብቻ አይደለም። በኮሎራዶ ይኖሩ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመክተብ የሚያስችል ፕሮግራም ሠሩ። በዚያው አሥርት ዓመት የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ የነበሩት ፍስሓ አጥላው የራሳቸውን የአማርኛ መጻፊያ አዘጋጁ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች የሚወክል ሥርዓት ቀመሩ። ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ከኋላው የእነዚህና የመሰሎቻቸው የምሽትና የቅዳሜ ድካም ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በ1991 የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓቱን ሊነክስን ሲያስተዋውቅ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ሆኖም ለፍቅር የሚሠራን ሥራ በእነዚህ ውጤቶች ብቻ መመዘን የአማላጁን ሕግ በጓሮ በር መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ አበራ ሞላ ሥራው ከቤቱ ያልወጣ ብዙ ሰው አለ፤ ሥራው ያነሰው በስፋት እንጂ በእውነተኛነት አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የድሎት ጥያቄ ነው። አርስቶትል የምንደክመው ዕረፍት እንዲኖረን ነው ብሎ ሲጽፍ የሚያርፈው ጌታው፣ የሚደክመው ባሪያው በነበረበት ከተማ ሆኖ ነው። ሥራ ያጣ ወጣት በሞላበት ከተማ ስለ ትርፍ ጊዜ መጻፍ ይህን መዘንጋት የለበትም። የሩጫ ጫማ ውድ ነው፤ ራምና ባትሪም እንዲሁ። ሯጯ ሴት ከሆነች ጨለማውና የመንገድ ለከፋው ይጨመራሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚማረው ሰው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩ ፋይሎች መኖር ነበረበት። በጸጥታው ምክንያት ከከተማ ወጣ ብሎ መሮጥም እንደ ልብ አልነበረም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያረጋግጠው ትርፍ ጊዜ እኩል አለመከፋፈሉን እንጂ አላስፈላጊነቱን አይደለም። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰው የሚይዘው ልማድ አነስተኛ ነፃነቱ ነው፤ ስለዚህም ብርቱ ቁም ነገር ነው።

ሰውዬው ብቻውን መሆኑስ? እንግሊዛዊው ማይክል ክሮውሊ ከኢትዮጵያ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮና ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እዚህ አገር ለብቻ መሮጥ ለጤና፣ ከሰው ጋር መሮጥ ግን ለመለወጥ ተደርጎ እንደሚታይ ጽፏል። ጎንደር ይህን አስተሳሰብ ከሩጫ በፊት ታውቀዋለች። በአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያነቷ በምትታወቀው በኣታ ቤተ ክርስቲያን ተማሪው ዝማሜውን የሚያጠናው ከጓደኞቹ ጋር፣ መቋሚያው ከመቋሚያ፣ እግሩ ከእግር እኩል እስኪነሳ ነው። የፒያሳው ሰው ማታ ብቻውን ከማሽኑ ጋር የሚቀመጥ ቢሆንም ማለዳ የሚጠብቀው ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ማታ ያገኘውንም የሚያሳየው ለዚያው ጓደኛ ነው።

ወደ አበበ ቢቂላ እንመለስ። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሲሆኑ አገሩ የሯጩ ታሪክ እንደተዘጋ ቆጥራ ነበር። እሱ ግን ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወረወረ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ለክብር የቀረው ዕዳ አልነበረበትም። ያሸነፈበትን እግር ካጣ በኋላ የቀረለት ወሰኑን የመፈተን ፍላጎቱ ነው፤ ያ ፍላጎት ከሜዳሊያዎቹ በፊትም የነበረ መሆኑን ያሳየው በዚህ ነው።

ለዚህ ፍላጎት ከተማ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው፤ ወጪውም ቀላል ነው። ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸው አበቃ ብለው በመጋዘን የሚከምሯቸው ኮምፒውተሮች ለሚፈታቸው ወጣት ይሰጡ። የባሕረ ሐሳብ መምህራንና ፕሮግራም የሚጽፉ ተማሪዎች በወር አንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ሰላሙ በሚፈቅድበት ጊዜ ከፒያሳ ተነስቶ በፋሲለደስ መዋኛ ዞሮ አዘዞ የሚያልቅ ዓመታዊ ሩጫ ይዘጋጅ፤ ሴቶች ያለ ሥጋት የሚሰለፉበት፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ከልጁ ጋር የሚሮጥበት ይሁን። መዝጋቢዎቹም ሦስቱ አሸናፊዎች እንደገቡ ጠረጴዛቸውን አይሰብስቡ፤ የመጨረሻው ሯጭ ሰዓቱ እስኪጻፍለት ይቆዩ።